የሞቃት ዓመት ሜርሎ፦ ሙቀቱ የት ገባ?

(ሱሉልታ ውስጥ ለምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለአስተናጋጆችና ወይን ለሚወዱ ጎረቤቶች ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ በኩል ቦታ አለ። ብርጭቆው ፊታችሁ ነው፣ ግን ገና አትንኩት። ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ የምንቀምሰው አንድ ወይን ብቻ ነው። አምስት ስድስት ጠርሙስ መደርደር ይቻል ነበር። ግን ከሦስተኛው በኋላ ማንም ምንም አይለይም፤ ሁሉም «አሪፍ ነው» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ፣ ግን በደንብ። ወይኑ ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ነው። ሳንት ኤሚሊዮን ከሚባለው አካባቢ። አብዛኛው ሜርሎ የሚባለው የወይን ፍሬ ዓይነት ነው፤ ካቤርኔ ፍራንክ የሚባል ሌላ ዓይነት ጥቂት ገብቶበታል። ዘመኑ 2022፣ በፈረንጆች ማለቴ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባዶ ጆግ መትፊያ ነው። ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለቀማሽ ግን ሥራ ነው። መኪና የያዘ ሰው ይትፋ፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም።

አስተናጋጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የታሸገበት ወይም የተሸጠበት አይደለም። ፍሬው ከተክሉ የተለቀመበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ነገሩ ያስቃል። በዚያ ዓመት ቦርዶ ላይ ሜርሎ የተለቀመው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ነው። አንዱ ገበሬ በ2014 ጳጉሜን ለቅሞ፣ ጎረቤቱ በ2015 መስከረም ሊለቅም ይችላል። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ 2022 ይላል። ደንበኛ «እኛ እኮ ገና አልደረስንበትም» ብሎ ከቀለደ፣ ሳቁለትና ይህን ንገሩት። ቲፕ ታገኙበታላችሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ጋ በጋ ነው። የ2022ቱ በጋ ደግሞ የጉድ ነበር። የብርዱ ወራት ራሱ ደረቅ ሆኖ አለፈ። ሙቀቱ ከግንቦት ጀመረ፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ እየተመላለሰ መጣ። ሐምሌ ላይ ቦርዶ በምትገኝበት በዢሮንድ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ ደንና ቁጥቋጦ ተቃጠለ። ይህን የሰማ ሰው ወይኑም አብሮ የነደደ ይመስለዋል። አልነደደም። እንዲያውም ዘመኑ ከቦርዶ ታላላቅ ዓመታት አንዱ ተብሎ ተወደሰ።

እና ያ ሁሉ ሙቀት የት ገባ? ፍሬ ሆነ? አልኮል ሆነ? ወይስ ወይኑን አደከመው? ከእናንተ የምፈልገው ይህን ከብርጭቆው እንድታገኙ ነው። የቀረውን ወሬ ብትረሱት ቅር አይለኝም።

ሜርሎ ቀድሞ የሚደርስ ወይን ነው። ከካቤርኔ ሶቪኞን አንድ ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ቆዳውም ስስ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ቀድሞ መድረስ ጸጋ ነው፤ የመጸው ዝናብ ሳይመጣ ይለቀማል። በሞቃት ዓመት ግን ጣጣ አለው። ስኳሩ ይሮጣል። አሲዱ ይወርዳል፤ በተለይ ማሊክ የሚባለውን አሲድ ፍሬው ራሱ በሙቀት ይፈጀዋል። ቆዳውና ዘሩ ግን በስኳሩ ፍጥነት አይበስሉም። ገበሬው ቸኩሎ ከለቀመ ጨርቋ ነው፤ ጣፋጭ ሆኖም አፍ ይሰበስባል። ከዘገየ ደግሞ ማርማላታ።

ስለዚህ መለኪያ መሣሪያውን ብቻ አያምንም። በየረድፉ እየዞረ ፍሬ ይቆርጣል። ሥጋውን ይውጥና ዘሩን ያኝካል። ዘሩ አረንጓዴ ሆኖ ከመረረ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ በጥርስ መሐል ከተሰባበረና ለውዝ ለውዝ ካለ ደርሷል። በሞቃት ዓመት የሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ወይኑን ይለውጠዋል።

ውሃስ? ቦርዶ ላይ ለደረሰ ተክል መስኖ በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። ተክሉ የሚጠጣው አፈሩ ያስቀመጠለትን ነው። እዚህ ላይ ሱሉልታ ውስጥ መናገሬ በጀኝ። መረሬ አፈር ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክረምት ያብጣል፣ ጫማ ያወልቃል። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሜርሎ ስሙን ያስጠራበት ፖምሮል የሚባል ትንሽ ቦታ አለ፤ ለሳንት ኤሚሊዮን ጎረቤት ነው። እዚያ ያለው ምርጡ ሸክላ አፈር የመረሬ ዘመድ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዓለም ከውዶቹ ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ የሚበቅል ሜርሎ ነው። መሬቱ 11 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው፤ በቃ። እንዲህ ያለ አፈር ያገኘውን ዝናብ ይዞ ይቆይና በጋ ላይ ቀስ እያለ ይሰጣል። እዚያው አጠገብ አሸዋና ጠጠር ላይ ያለው ተክል ግን ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሥራም ያቆማል። ለዚህ ነው «ሞቃት ዓመት ነበር» የሚል ሻጭ ብቻውን ምንም የማይነግራችሁ። የማን መሬት? ብላችሁ ጠይቁት።

በፈረንጆች 2003ም ሞቃት ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ የመጣው ሙቀት ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ወደ 15 ሺህ ሰው ገድሏል። ወይኑም ተጎዳ። ሙቀቱ ድንገተኛ ነበር። ብዙ ገበሬ ደግሞ እንደ ልማዱ ቅጠሉን አራግፎ ፍሬውን ለፀሐይ አጋልጦት ነበር። ከዚያ ዓመት ሜርሎ ብዙው በልጅነቱ አረጀ። በ2022 ግን ድርቁ ቀድሞ ስለጀመረ ተክሉ ተለማመደው፤ ቅጠሉን ቀነስ፣ ፍሬውን ደቀቅ አድርጎ አደገ። ሰኔ ላይም ዝናብ ጣል አደረገለት። ገበሬውም ቅጠሉን መንካት ትቷል።

አሁን ብርጭቆውን አንሱ። እግሩን ያዙ፤ ሆዱን አትጨብጡት፣ እጃችሁ ያሞቀዋል። ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሉት። መሐሉ ጥቁር ሊባል የደረሰ ቀይ ነው። ጠርዙ ሐምራዊ። ወጣት ነው ማለት ነው። በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ የሚወርደው እንባ አልኮል መኖሩን ነው የሚያሳየው እንጂ ጥራትን አይደለም። እንባውን እያዩ «ወይን ማለት ይሄ ነው!» የሚሉ ደንበኞች ይገጥሟችኋል። ተዉአቸው፤ ሒሳብ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ሳታንቀሳቅሱት አሽትቱ። አሁን አንቀሳቅሱና ድገሙት።

ምን አገኛችሁ? እዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል። የውጭ ሰው የጻፈውን ስለሚያስታውስ ብላክ ቼሪ፣ ካሲስ ማለት ያለበት ይመስለዋል። ካሲስ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ካሲስ ሸተተኝ ሲል አላምነውም። እናንተ አጥር ላይ የሚበቅለውን ጥቁር እንጆሪ በልታችሁ ነው ያደጋችሁት። አጋም ታውቃላችሁ። ዶቅማ የምታውቁም አትጠፉም። ገበያ ላይ ፕሪም አለ፣ ዘቢብ አለ። ለዚህ ወይን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የእኔ አፍንጫ መጀመሪያ ያገኘው ፕሪም ነው፤ በደንብ የበሰለው፣ ጣት ሲነካው የሚፈርጠው። ቀጥሎ ጥቁር እንጆሪ። ከኋላ ቸኮሌት፣ ትንሽ ቅርንፉድ። ቅርንፉዱ ከፍሬው አይደለም የመጣው፤ ከበርሜሉ ነው። የኦክ በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል። እናቶቻችን ጋን በወይራ እንደሚያጥኑት ነው፤ ጭሱ መጠጡ ላይ ይቀራል፣ እጅ ከበዛ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። እዚህ ወይን ላይ በርሜሉ ትንሽ በዝቷል ባይ ነኝ። ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ይመስለኛል፤ ከፍሬው ጋር ሲያዩት አያስፈልገውም ነበር።

አሁን ደግሞ ዘቢብ ፈልጉ። ለቅዳሴ የሚጨመቀውን ዘቢብ የምታውቁ ሽታውን አትስቱትም። ትንሽ ብልጭ ይላል፣ አይደል? ብልጭ ብሎ ከጠፋ ግድ የለም። ፕሪሙን ከሸፈነው ግን ፍሬው ተክሉ ላይ እያለ ደርቋል፤ ሙቀቱ አሸንፏል። እዚህ ፕሪሙ ይበልጣል። እስካሁን ጥሩ ነን።

ቅመሱ። ሙሉ አፍ አይደለም፤ የሾርባ ማንኪያ ያህል። አፍ ውስጥ አዙሩት፣ ትንሽ አየር ሳቡበት። ድምፅ ቢያወጣ አትፈሩ።

(እዚህ ላይ ከመሐል ጥያቄ መጣ። ጠጅ የሚጥሉ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ስኳር አልተደረገበትም?» አሉኝ።)

የለበትም፣ እማማ። እርስዎ ደረቅ ጠጅ ያውቃሉ፤ ማሩ ተበልቶ አልቆ መዓዛው ብቻ የሚቀረውን። እዚህም ስኳሩን እርሾው በልቶታል። ጣፋጭ የመሰለዎት በሁለት ነገር ነው። አንዱ የፍሬው መብሰል ነው፤ አፍንጫ የበሰለ ፕሪም ሲያገኝ ምላስ ስኳር ይጠብቃል። ሁለተኛው አልኮሉ ራሱ ነው፤ አልኮል ለምላስ ጣፈጥ ይላል። ጠርሙሱ ላይ 14.5 ይላል። አንድ ፐርሰንት አልኮል ለማግኘት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ይጠይቃል። ሲሰላ፣ ፍሬው ሲለቀም በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ወደ 246 ግራም ስኳር ነበረበት።

(«እንግዲያው ማሩ ጥሩ ነበር» ብለው ተቀመጡ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረኝም።)

አልኮሉን ካነሳን አይቀር፣ እኛ አገር «ያሞቃል» ማለት ሙገሳ ነው። ለአረቄ ልክ ነው። ለወይን ግን ክስ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ አፍ ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ጉሮሮ ላይ ነደደ? ደረት ወረደ? ወይስ ፍሬው አብሮት ወጣ? ይህኛው ሙቀት አለው፣ አልክድም። ግን ፍሬው አልተለየውም። እኔ ልክ ጫፉ ላይ ነው እላለሁ። ግማሽ ፐርሰንት ቢጨመርበት አልወደውም ነበር።

ድድና ከንፈር መሐል የሚሰማችሁ ድርቀት ታኒን ነው። ከቆዳውና ከዘሩ የሚወጣ ነገር ነው፤ ምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይይዘውና አፍ ይደርቃል። በምላስ ድዳችሁን ዳስሱት። ሸካራ ነው ወይስ ልስልስ? በሞቃት ደረቅ ዓመት ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ከጭማቂው ሲነጻጸር ብዙ ስለሚሆን ታኒኑ ይበዛል። ሜርሎ «ለስላሳ ወይን ነው» የሚለው ወሬ በእንዲህ ያለ ዓመት አይሠራም። ይህ ታኒን ብዙ ነው፣ ግን የበሰለ ነው። ጥሬ አጋም የሚያደርገውን አያደርግም።

አሁን የመጨረሻውና ለእኔ ዋናው። ድጋሚ ቅመሱ፤ ከዋጣችሁ በኋላ ዝም በሉ። ከምላሳችሁ ሥር፣ ከመንጋጋችሁ ጎን ምራቅ መጣ? አሲድ ካለ ይመጣል። ካልመጣ ወይኑ ከብዶ ምላስ ላይ ይተኛል፤ አንድ ብርጭቆ ይበቃችኋል፣ ሁለተኛውን አትመኙም። የሞቃት ዓመት ወይን ላይ ሰው የሚያደንቀው ጉልበቱን ነው። ጉልበት በሞቃት ዓመት ርካሽ ነው፤ ፀሐይ በነጻ ትሰጠዋለች። ብርቁ ይህ ምራቅ የሚጠራው ነገር ነው። እዚህ ብርጭቆ ውስጥ አለ። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። እኔ ለዚህ ወይን የምከፍለው ለእሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው መደብር ያላችሁን ያስቀይማችሁ ይሆናል።

ወይን ሁለት ጊዜ ይሞቃል። አንዴ እርሻ ላይ፣ አንዴ መንገድ ላይ። ከውጭ የሚገባልን ጠርሙስ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው የሚመጣው። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወይኑ እዚያ ወረፋ ሲጠብቅ ይበስላል። ከዚያ አዲስ አበባ ይገባና መስታወት ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደንበኛ ሲጠይቅ «የሞቃት ዓመት ወይን ስለሆነ ነው» ይባላል። አይደለም! የበሰለ ፍሬ ሌላ፣ የተቀቀለ ወይን ሌላ።

እንዴት ይለያል? ከመክፈታችሁ በፊት ቡሹን እዩ። ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ከላይ ያለውን መሸፈኛ ከገፋው ወይኑ ሞቆ ሰፍቷል። መሸፈኛውን በጣት አዙሩት፤ አልዞር ብሎ ከተጣበቀ፣ ከሥሩ ወይን አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ስትከፍቱ በቡሹ ጎን ላይ ወይኑ እስከ ላይ የወጣበት ቀይ መስመር ካለ፣ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር። ከዚያ ቀለሙ። እንዲህ ያለ ወጣት ወይን ጠርዙ ሐምራዊ መሆን ሲገባው ቡናማ ካለ፣ የሆነ ነገር ሆኗል። በመጨረሻ ሽታው። የሞቃት ዓመት ፍሬ ደማቅ ነው፤ ፕሪሙ ፕሪም ነው። የተቀቀለው ግን የትኛው ፍሬ እንደነበረ አይታወቅም። ደብዛው የጠፋ ጣፋጭ ሽታ ብቻ ነው። ታላቅ ስም ያለው ጠርሙስ ገዝቼ ይኸው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሸጠው ሰው «ያረጀ ወይን እንዲህ ነው» አለኝ። የሁለት ዓመት ወይን ነበር።

ስለዚህ መደብር ያላችሁ፣ ጠርሙሱን ከመስኮት አንሱት፣ አጋድሙት። ውድ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። እዚህ ሱሉልታ ሰሜን ዞሮ የተሠራ አንድ ጨለማ ጓዳ ይበቃል፤ ብርዱን እግዜር በነጻ ሰጥቶናል።

ስናቀርብስ? ለእንዲህ ያለ ወይን 16 ዲግሪ አካባቢ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይጠነክራል። «ቀይ ወይን በቤት ሙቀት» የሚባለው ቦሌ ፀሐይ የሚገባበት ሬስቶራንት ውስጥ አይሠራም። እዚህ ማታ ማታ ግን የቤቱ ሙቀት ራሱ ልክ ነው። ከሰል ካቀጣጠላችሁ ጠርሙሱን ከአጠገቡ አርቁት። ከመጠጣታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት፤ ይፈታታል።

ምግቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀይ ወይን ነውና ዶሮ ወጥ ይምጣ ይላሉ። በርበሬና 14.5 አልኮል ሲገናኙ አፍ እሳት ይሆናል፤ ወይኑም ወጡም ይበላሻሉ። ሚጥሚጣ ደግሞ ይብሳል። እንጀራውም ራሱ ጎምዛዛ ነው። ጎምዛዛ ምግብ የወይኑን አሲድ ያጠፋዋል፤ የሞቃት ዓመት ወይን ድሮም አሲዱ ጥቂት ስለሆነ ጭራሽ ሕይወት ያጣል። በዳቦ ወይም በድንች ብሉት። የሚሄድለት የበግ ጥብስ ነው፤ ሮዝመሪ የገባበት፣ ቃሪያው ጎን የተቀመጠ። ስቡና ጨው ታኒኑን ያለሳልሱታል። ለብለብ ክትፎም ይሆናል፣ ሚጥሚጣው ለብቻው ከመጣ። አይቡን ያዙ። በኮካ ለሚበርዙት ወይን ግን ይህን ያህል ገንዘብ አታውጡ። በኮካ መጠጣት ኃጢአት አይደለም፤ ለእሱ የሚሆን ወይን ሞልቷል።

ስለ አገር ውስጡ ሳልናገር ብወርድ ትጠይቁኛላችሁ። ዝዋይ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ ያለማል። ሲራም፣ ካቤርኔ ሶቪኞንም፣ ሻርዶኔም አለው። ወይኑ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ገበያ ላይ ወጣ። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ተክሉ በብርድ ይተኛል፣ በጸደይ ይነቃል። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ግን የሚያስተኛው ብርድ የለም። ተክሉን የሚቀሰቅሰው መግረዣ መቀስ ነው፤ ውሃውንም ሰው ነው የሚሰጠው። ከፍታው ደግሞ ሌሊቱን ያቀዘቅዝለታል። ስለዚህ የዝዋዩን ከቦርዶው ጋር አሰልፎ «ማን ይበልጣል» ማለት አልወድም። ግን ያንኑ ፈተና ስጡት። ምራቅ ጠራ ወይስ አልጠራም? የአገር ልጅ ነው ብላችሁ አታዳሉለት፤ የአገር ውስጥ ነው ብላችሁም አትናቁት።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ከአስተናጋጆች የመጣ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል? ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ቀይም ቢሆን። ከመቅዳታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። ይህ ወይን በማግሥቱ ከዛሬው ሊሻል ይችላል። በሦስተኛው ቀን ቅመሱና ወስኑ። ከዚያ በኋላ ለእንግዳ አይቅረብ፤ ወጥ ቤቱ ይውሰደውና ለበጉ ያውለው።